መርፌው ጨርቁ ላይ ሳለ

አጎቷ ሁለት ተሸካሚዎች አስከትሎ ሲገባ ቁንጫ የልብስ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣ የጎረቤት መጋረጃ ትዘመዝም ነበር። ቁንጫ የተባለችው ትንሽ ስለሆነችና አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ ግን ከዚያ ወንበር የምትነሳው ትምህርት ቤት ለመሄድ ብቻ ሆኗል።

"በይ ጨርሺና ተነሺ" አላት። "መኪናው የወንድሜ ነው፤ ሱቄ ወስጄ እሠራበታለሁ። እዚህማ የልጅ መጫወቻ ሆኖ ቀረ።"

እናቷ ከምድጃው ዘወር አለች። ከባሏ ታላቅ ወንድም ጋር ተሟግታ አታውቅም። "ስጪው ልጄ፣ ታላቅ ነው" አለች፣ ድምፅዋ ሳይወጣ።

ቁንጫ አልተነሳችም። መኪናው ከሄደ እናቷ ሰው ቤት ልብስ ልታጥብ ትወጣለች፣ እሷ ትንሹን ወንድሟን ትጠብቃለች፣ ትምህርቱም በዚያው ይቀራል። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አልነገራትም። መንገር የሚያስፈልገው ነገርም አልነበረም።

"መጋረጃው አላለቀም" አለች።

አጎቷ ጨርቅ የለበሰ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። እሱና አባቷ ሙያውን የተማሩት ከአንድ አሮጌ ልብስ ሰፊ ነው። ሽማግሌው፣ መርፌ ጨርቅ ላይ ሳለ መኪና ያነሳ፣ ስፌቱ ሳያልቅም መርፌ ያወጣ ሰው የጀመረው ነገር ሁሉ ሳያልቅ ይቀራል ይላቸው ነበር። እውነት ይሁን ወይስ መርፌ እንዳይሰብሩበት የፈጠረው ማስፈራሪያ፣ እንጃ። ወንድማማቾቹ ግን እንደ መሐላ ይዘውት ኖሩ። ቁንጫም ከአባቷ ሰምታዋለች።

መጋረጃው ጫፉ ሲደርስ አጎቷ ለተሸካሚዎቹ በአገጩ ምልክት ሰጠ። ቁንጫ እጇን አጠገቧ ወዳለው የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያ ሰደደችና ያረጀ ፎጣ አወጣች። ጫፉን ከመጋረጃው ጫፍ ጋር ገጥማ መርገጫውን መርገጥ ቀጠለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየሰፋሁ።"

"መጋረጃና ፎጣ ምን አገናኛቸው?"

"እኛንስ ምን አገናኘን አጎቴ? ዝምድና ነው።"

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ከፎጣው ቀጥሎ የትራስ ልብስ፣ ከዚያ የድሮ ሱሪ አንድ እግር መጣ። የተቀጣጠለው ጨርቅ ወለሉ ላይ መከመር ጀመረ። ጎረቤቶች በር ላይ ተሰበሰቡ፤ የመጋረጃው ባለቤትም ከመሃላቸው ነበረች።

"የኔ መጋረጃ እስከ የት ነው የሚደርሰው?" አለች።

"ይተረተራል እትዬ፣ አይስጉ።"

"እሺ" አለ አጎቷ እግሩን አነባብሮ። "ጨርቅ እስኪያልቅብሽ እጠብቃለሁ። የትም አልሄድም።" ወደ እናቷ ዞረ። "ምላሷን አየሽልኝ? ማንን መስላ ነው?"

እናቷ ወደ ምድጃው ተመለሰች።

ጆንያው ባዶ ሆነ። ቁንጫ ሹራቧን አውልቃ እጅጌውን ቀጠለች። ሌላ የሚወልቅ ስላልነበራት እግሯን አዘገመች። መኪናው ሲያዘግም ድምፁ ተቆራረጠ። ከመርፌው ፊት የቀረው ጨርቅ መዳፍ አይሞላም።

"አለቀ" አለ አጎቷ። ተሸካሚዎቹ ጎንበስ አሉ።

እናቷ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። ወደ በሩ ሄደች፤ ጎረቤቶቹ ገለል አሉላት። የበሩን መጋረጃ ከነምስማሩ ቦጭቃ አመጣችና የልጇ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

"ስጪው ያልሽው አንቺ አይደለሽም?" አላት አጎቷ።

"ብዬ ነበር" አለች እናቷ። "አሁን ደግሞ ይነሱልኝ ጋሼ። የተቀመጡበት ጨርቅም ያስፈልገናል።"

አጎቷ ሳያስበው ብድግ አለ። በር ላይ ሳቅ ተሰማ። ፊቱ ጠቁሮ ወደ መኪናው ተራመደ።

ቁንጫ ሁለት እጆቿን ከጨርቁ ላይ አነሳች። መርፌው እንደተሰካ ነው። "ከፈለጉ እርስዎ ያውጡት" አለችው።

እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ ጨርቁን ጨምቆ የሚይዘውን ብረት ነኩት። ተሸካሚዎቹ ጠበቁ። ብረቱን ግን አላነሳውም፤ እጁን ኪሱ ከተተ።

"ነገ እመጣለሁ" አለ።

"ይምጡ። ያረጀ ልብስ ካለዎት ይዘው ይምጡ" አለች ቁንጫ፣ እና የበሩን መጋረጃ ከሹራቧ ጋር ገጠመች።