የጉርጥ ድንጋይና ከፍ ያለችው መኪና

የኋላሸት ላንድክሩዘሩን አሕመድኑር ጋራዥ ያስገባት ተሰብራ አልነበረም። ከፍ እንድትልለት ነው።

«ምን ያህል?» አለው አሕመድኑር ከመኪናዋ ሆድ ሥር ተንጋሎ።

«ጉርጥን እስክታልፍ።»

መካነ ሰላም ውስጥ ጉርጥን የማያውቅ ሾፌር የለም። ወደ ዓባይ ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለ ወንዝ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከመሻገሪያው መሀል እንደ ጉርጥ ተኮፍሶ ከተቀመጠው ድንጋይ ነው። በግራው ጥልቅ ውሃ፣ በቀኙ ገደል ስለሆነ በላዩ ማለፍ ግድ ነው። አምና የኋላሸት ታናሽ እህቱን ዝናሽን ምጥ ይዟት ከቆላ ሲያመጣት፣ መኪናዋ ሆዷን ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ ቀረች። ጎማው በባዶ ይሽከረከራል፣ ዝናሽ ትጮኻለች፣ እሱ ክሪክ ይዞ ውሃ ውስጥ ይርመጠመጣል። የቅሬው ወንዶች ደርሰው በቃሬዛ ተሸክመው ሲያወጧት ለሕፃኑ መሽቶ ነበር። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀባበርበት ያው ቅሬ፣ በማግስቱ ትንሽ ጉድጓድ ቆፈረ።

አሁን ዝናሽ ደግማ አርግዛለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የኋላሸት ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ጠጠር ባየ ቁጥር ሳያዘው እግሩ ፍሬን ይረግጣል።

አሕመድኑር ከሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ነገር ማስረዘም የማይወድ ሰው ነው።

«ሁለት መንገድ አለ። አንዱ፣ መኪናዋን በተሸከመው ባሌስትራ ላይ ሌላ ልደርብ፣ ከሥሩም ብረት ልክተት። ስንዝር ከፍ ትላለች፤ ጉርጥን ያለ ሐሳብ ታልፋለህ። ግን ትደርቃለች። ጭነት ከሌላት እንደ በቅሎ ነው የምትራገጥ። ሰያፉ ላይ ደግሞ ጣራዋ ከከበደ ትገለበጣለች።» ሰያፉ ከጉርጥ በላይ ያለው፣ መንገዱ ወደ ገደሉ የተጋደለበት ዳገት ነው። «ሌላው፣ ያለውን አውጥቼ ለስለስ ያለ ባሌስትራ ልግጠም፣ ዝላዩን የሚይዘውን አሞርዛተርም በረጅም ልቀይር። ከፍታው ሁለት ጣት ነው። ለታመመ ሰው ግን እሱ ነው የሚመች።»

«ሁለት ጣት ጉርጥን ታሳልፈኛለች?»

አሕመድኑር አንገቱን አከከ። «ወላሂ እንጃ። ልትነካም ትችላለች።»

«እንግዲያ ስንዝሩን አድርገው።»

«የኋላ፣ ለማን ነው የምትሠራት? ለድንጋዩ ነው ለእህትህ?»

ጥያቄው ትክክል ስለነበር የኋላሸትን አናደደው። ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ሲጠየቅ እንደሚያደርገው ድምፁን ከፍ አደረገ። «ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ የሰማሁትን አንተ አልሰማህም! ስንዝር አልኩህ ስንዝር!»

አሕመድኑርም ስንዝሩን አደረገለት። ሲያስረክበው ግን በሩን ይዞ አንድ ነገር አደራ አለው፤ ሰያፉ ላይ ጣራው ላይ ሰው እንዳይጭን። የኋላሸት «አብሽር» ብሎ አስነሣ።

ከተማው ወደዳት። ገበያተኛው ቆሞ አያት፤ የማያውቀው ሁሉ «ምን አበላሃት?» ይለው ጀመር። ሴቶች ሊሳፈሩ ሲሉ ድንጋይ መጥቶ መረገጫ ይደረግላቸዋል። የኋላሸት ደረቱን ነፋ። ባዶዋን ስትሄድ ጥርስ እንደምታንገጫግጭ ግን ለማንም አልተናገረም። ዝናሽን ቀኗ ሳይደርስ ከተማ ሊያመጣትና እቤቱ ሊያስቀምጣት ተስማምተዋል፤ የዚያን ቀን ቀስ ብዬ እነዳለሁ ብሎ ራሱን አጽናና።

ምጥ ቀጠሮ አያከብርም። ሊሄድ ካሰበበት ሳምንት በፊት፣ ጠዋት ላይ ስልኩ ጮኸ። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንቁ ናት። «ዝናሽን ይዟታል። ደም አለ። አምቡላንሱ ሌላ ቦታ ወጥቷል፣ ቢመጣም ጉርጥን አያልፍም። ቶሎ ና።»

እንዴት እንደወረደ እሱም በደንብ አያውቀውም። መኪናዋ እየዘለለች፣ መሪው ከእጁ እየተፈናጠረ ሄደ። ጉርጥ ሲደርስ መኪናዋ ድንጋዩን ሳትነካ፣ ኧረ ሳታየውም አለፈችው። ብቻውን ጮክ ብሎ ሳቀ። «አሸነፍኩህ፣ አንተ ከይሲ!» አለው ድንጋዩን።

ዝናሽ ደጅ ቃሬዛ ላይ ተጋድማ ጠበቀችው። ፊቷ አመድ መስሏል። የቅሬው ዳኛ ጋሽ አሻግሬ ወንዶቹን አሰልፈው ቆመዋል፤ ባሏ በእውቀቱ ቃሬዛውን በራስጌው ይዟል። ሴቶቹ ከአጥሩ ጥግ ሆነው «ማርያም ማርያም» ይላሉ፤ እስላሞቹም አብረው ይላሉ፣ ምጥ ላይ የሚለይ የለም። ከኋላ ፍራሽ ዘርግተው አስገቧትና እንቁ ከጎኗ ገባች።

መኪናዋ ከደጁ ወጥታ የመጀመሪያውን ጉድባ ስትመታ ዝናሽ ከፍራሹ ነጥራ ወደቀች። የጮኸችው ጩኸት የአምናው ነበር። የኋላሸት ቀስ አለ፤ አሁንም ዘለለች። ቢቆም ያው፣ ቢነሣ ያው።

«አቁም!» አለች እንቁ። እጇ ደም ነክቷል። «በተናወጠች ቁጥር ይጨምራል። እንዲህ ሆና ከተማ አትደርስም፤ በቃሬዛማ ይመሻል።»

የኋላሸት ፍሬን ረገጠ። ድንጋዩን ፈርቶ የገዛው ከፍታ አሁን እህቱን እየገደላት ነው። መድኃኒቱን ያውቀዋል፤ የዚህ አገር ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል፤ የደረቀ ባሌስትራ የሚለሰልሰው ክብደት ሲጫነው ነው።

«ክብደት ያስፈልጋል!» ብሎ ጮኸ። «ሰው ይጫን!»

ቃሉን ሳይጨርስ ወንዶቹ ጎማ እየረገጡ ጣራው ላይ ወጡ። የለመዱት ነው፤ ወንድ የሚሳፈረው ፖርቶ መጋላ ላይ ነው። ምጥ የያዛት ሴት ካለችበት ውስጥ ወንድ መግባትማ የሚታሰብም አይደለም። ጋሽ አሻግሬ በዚያ ዕድሜያቸው ተደግፈው ወጥተው ከፊት ተቀመጡ። «ንዳ ልጄ!» አሉ።

የኋላሸት ሰያፉ ታየው። ወረደና ቀና ብሎ አያቸው።

«ጋሼ አሻግሬ፣ ይውረዱ።»

«ምን አልክ?»

«ሁላችሁም ውረዱ። ሰያፉ ላይ ከላይ ከከበደች ተያይዘን ገደል ነው።»

«ስንት ዘመን በጣራ የሄድን ሰዎች ነን! ዛሬ ምን መጣ?»

«ያኔ አጭር ነበረች። አሁን እኔ አስረዘምኳት። ጣራ ላይ ሰው አትጫን ተብዬ ነበር። ልለምንዎ፣ እግርዎን ልሳም፣ ይውረዱ።»

ሽማግሌው በሰው ፊት ተዋርደዋል። ወንዶቹ እሳቸውን እያዩ አልተነቃነቁም። ከውስጥ ዝናሽ ታቃስታለች። ጋሽ አሻግሬ ወደ ገደሉ አቅጣጫ አዩ፣ ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው መውረድ ጀመሩ። «እሺ፣ ወረድን። ክብደቱን ከየት ታመጣለህ?»

የኋላሸት ዙሪያውን አማተረ። እህል እንዳይጭን ማሳው ገና አልታጨደም። ድንጋይ እንዳይጭን ከእህቱ ጎን ሊንከባለል ነው።

ያን ጊዜ ከሴቶቹ መሀል እትዬ በለጡ ወጡ። የዝናሽ አማት ናቸው፤ በር ሲገቡ ጎን ለጎን የሚገቡ ሴት ናቸው። «የጠፋው ክብደት ነው?» አሉ። «ታዲያ እኔን ምን ታደርጉኛላችሁ?»

ቃሬዛ የወንድ ነው። ሴት ከደጅ ሸኝታ ትመለሳለች፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። እትዬ በለጡ ግን አጎንብሰው ገብተው ወለሉ ላይ ተቀመጡና የዝናሽን ራስ ጭናቸው ላይ አደረጉ። ሌሎቹም ተከተሉ፤ እየተጠጋጉ፣ አንዷ የሌላዋን ጉልበት እየተደገፈች፣ መሬት ለመሬት ሞሉት። መኪናዋ ጓ አለችና ዝቅ አለች። የኋላሸት ሲነሣ ጉድባውን እንደ ትራስ ረገጠችው። ወንዶቹ ገመድና ቃሬዛቸውን ይዘው ከጎን ከጎን ሮጡ።

ጉርጥ ላይ አንዱ ጭንቀት ለሌላው ቦታ ለቀቀ፤ መኪናዋ ዝቅ ብላለች። የኋላሸት በአንደኛ ማርሽ፣ ጎማ በጎማ ገባ። ከሆዷ ሥር ብረት ድንጋይ ሲፍቅ ተሰማ፤ ረጅም፣ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ። «በማርያም» አለ የኋላሸት፣ «በማርያም፣ በማርያም» — ፋቀችና አለፈች። ያ ስንዝር ባይኖር ኖሮ እንደ አምናው ተቀምጣ ነበር፤ ይህን ከራሱ አልደበቀም፤ ግን ደስታ አልሰጠውም።

ሰያፉ ሲደርሱ ጋሽ አሻግሬ ሳይጠየቁ አዘዙ። ገመዱን በፖርቶ መጋላው አሰሩና ወንዶቹ በሙሉ ከዳገቱ በኩል ሆነው ተሳቡበት። በእውቀቱ ከፊት ነው፤ ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞታል። መኪናዋ ወደ ገደሉ አዘነበለች። የኋላሸት በመስኮቱ የሚያየው ሰማይና ከታች ያለው ቆላ ብቻ ሆነ። በዳገቱ በኩል ያለው ጎማ ከመሬት ሲለቅ ወንበሩ ሥር ተሰማው።

«ያዝ!» አሉ ጋሽ አሻግሬ። «ያዝ፣ ያዝ፣ ያዝ!»

ገመዱ ጮኸ። ከኋላ እትዬ በለጡ «ወደ ዳገቱ ተጠጉ!» ሲሉ ሴቶቹ ዝናሽን አቅፈው ባንድ ጊዜ ተዛወሩ። ጎማው መሬት ነካ። የኋላሸት ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ መጥረግ ፈርቶ፣ ስንዝር በስንዝር ነዳ። ሜዳው ላይ ሲወጡ ወንዶቹ ባሉበት ተዘረሩ። የበእውቀቱ መዳፍ ተልጦ ነበር።

ዝናሽ መካነ ሰላም ሆስፒታል በገባች በጥቂት ጊዜ ሴት ልጅ ወለደች። የሕፃኗ ለቅሶ ከበሩ ውጭ ሲሰማ የኋላሸት ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ፤ ማንም ቢያየው ግድ አልነበረውም።

ሲያስገቡት ዝናሽ ደክማ ተጋድማለች፤ ልጅቷ ደረቷ ላይ ናት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

«ማርያም ታኑርህ። ወንድም ዓለም፣ መኪናዋን የሳቡት ወንዶች ሁሉ፣ አምናም ነበሩ አይደል?»

«ነበሩ።»

«ከዚያስ በፊት?»

«እዚያው ናቸው፣ የት ይሄዳሉ?»

«መኪና ከነሰዉ ከገደል የሚያስቀር ጉልበት ካላቸው» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ማንንም ሳትወቅስ፣ «ያን ድንጋይ ማንሣት ያቅታቸው ነበር?»

የኋላሸት አፉን ከፈተ። መንገዱ የመንግሥት ነው ሊል ነበር። ቅሬ ለሞት ነው እንጂ ለመንገድ አይደለም ሊል ነበር። ሁሉም ሲሉት የኖሩት ነው፤ እሱም ብሎታል። ዓመት ሙሉ መኪናውን ከፍ ማድረግ ሲያስብ ድንጋዩን ዝቅ ማድረግ አንድ ቀን በሐሳቡ አላለፈም። ያች ትንሽ ጉድጓድ ታየችው፤ የእህቱን እጅ ጨበጠና ጋሽ አሻግሬን ሊፈልግ ተነሣ።

ከዚያ በኋላ በመጣው ቅዳሜ ማለዳ ቆላው ውስጥ የቅሬው ጡሩንባ ተነፋ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶች አካፋና ዶማ ይዘው እየሮጡ ወጡ። ጉርጥ ዳር ሲደርሱ ሬሳ የለም። ድንጋዩ ላይ እንጨት ተከምሮ እሳት ይነድዳል፤ ሲግል ውሃ ሊደፋበት፣ ሲሰነጠቅ ሊፈነቀል ነው። የኋላሸት መዶሻ ይዞ ቆሟል። አሕመድኑርም ከከተማ ሊያይ መጥቷል፤ አሁን ትበቃለች ለማለት ሁለት ጣቱን አንሥቶ አሳየው፣ የኋላሸትም ራሱን ነቀነቀለት።

«ማን ሞቶ ነው?» አለች አንዷ እያለከለከች።

ጋሽ አሻግሬ የዚያን ትንሽ መቃብር አቅጣጫ አዩ። «የሞተውማ አምና ነው» አሉ። «ዛሬ መጣንለት። ነጠላሽን አስተካክይና ውሃ ቅጂ።»