የአለኸኝ ወንፈል

በልጉ ሳይዘንብ ቀረ። ክረምቱ ዘግይቶ ገባና ገብሱን በረዶ ከመሬት አጣበቀው። ከመካነ ሰላም በላይ ባለው ደጋ የተረፈው ጥቂት ስንዴ ነበር፤ እሱም ደርሶ ሳለ ሰማዩ እንደገና ይጠቁር ጀመር።

ጀላል ስንዴውን ቶሎ ካላጨደ ቤተሰቡ የሚበላው የለም። የሚረዳው ሰው ሩቅ አልነበረም። አምና የጎረቤቱን የአለኸኝን ማሳ ሙሉ ቀን አጭዶለታል፤ አለኸኝም በተራው ሙሉ ቀን ሊያጭድለት የወንፈል ዕዳ አለበት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማጭዱን ጥሎ የሄደ ሰው ደግሞ እንዳልመጣ ይቆጠራል።

አለኸኝ ይመጣል፣ ግን ቀኑን አይጨርስም። የጦር አውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ስንዴው ውስጥ በደረቱ ይተኛል። ሲያልፍ ይነሳል፣ ወደ ጀላል ይጠጋል፣ ፊቱ ይለዋወጣል፤ ከዚያ ማጭዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ቤቱ። አርብ የጀላል ጁምዓ፣ እሁድ የአለኸኝ ሰንበት፣ መሃል ላይ የታቦት ቀን እየገባ የሥራ ቀን እንደ ልብ አይገኝም።

ሁለቱም በአንድ ዘመን የዘመቱ ናቸው። አለኸኝ እግረኛ ነበር። ጀላል ግን አየር ማረፊያ ላይ ነዳጅ ቀጂ ነበር። አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብሎ የሞተሩን አካሄድ ያዳምጣል። ነጭ ጋዝ ሲሸተው ጉርምስናው ይመጣበታል፤ የካምፑ ትኩስ ዳቦ፣ የጓደኞቹ ሳቅ። ያመመውን ጉልበቱን እንኳ የሚያሸው በነጭ ጋዝ ነው። ሚስቱ ዓሊማ ቤቱን አገማህብን ስትለው መድኃኒት ነው ይላታል።

አንድ ቀን እንደገና አውሮፕላን አለፈ፤ አለኸኝም ተነሥቶ ማጭዱን አነሣ። ጀላል መረረው። መንገዱን ዘጋበት።

«ስማኝ አሥር አለቃ፣ እስከ መቼ ነው የምትሸሸው? ሄደ እኮ። ይሄኔ ደጎሎን አልፏል።»

«እሱማ አለፈ» አለ አለኸኝ፣ አፍንጫውን በኩታው ጫፍ ይዞ። «የማታልፈው አንተ ነህ።»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ?»

«ትሸታለህ። ጓዶቼ ከተቃጠሉበት መኪና አጠገብ ያደርሁ ዕለት የሸተተኝን ነው የምትሸተው። ስትጠጋኝ ነዶው የሚጨስ ይመስለኛል።»

ጀላል በየሰው ቤት ፈሪ ነው እያለ ሲያማው ከርሟል።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልህ?»

«ሰው ትሸታለህ ይባላል?»

ጀላል እያጉረመረመ ቤቱ ገባ። ልብሱን በፈላ ውኃ ዘፈዘፈ፤ ጋዙን ከነጠርሙሱ አውጥቶ ለሌላ ጎረቤት ሰጠ። ዓሊማ ሳሙና ስታቀብለው ላለመሳቅ ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

በማግሥቱ ጉልበቱ ክፉኛ አመመው። አለኸኝ በጧት መጣ። ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን ሲመጣ አለኸኝ ተኛ፤ ጀላል እንደ ልማዱ ቀና ብሎ ቆመ።

«ተቀመጥ አንተ፣ ታሳየናለህ» አለው አለኸኝ ከስንዴው ውስጥ።

በዚህ ዕድሜው ትእዛዝ መቀበል አንገሸገሸው፤ ግን ተቀመጠ። ድምፁ ራቀ። አለኸኝ ተነሣ፣ አየሩን አሸተተ፣ ማጭዱን አነሣ። የጀላል ጉልበት ግን አልዘረጋ አለ። አለኸኝ በክንዱ ስቦ አስነሣውና የእሱንም መስመር ጨምሮ ያጭድ ገባ።

ፀሐይ ስትጠልቅ የመጨረሻውን ነዶ ክምሩ ላይ ጣለና ዞረ።

«ወንፈሌ ወጣ?»

ጀላል ጉልበቱን ይዞ ክምሩን አየ፤ ቀጥሎ በአለኸኝ እጅ ያለውን ማጭድ።

«ወጣልህ» አለ።