ጉትቻዋ በአውሮፕላኗ አፍንጫ

«ቁልፉን ስጪኝ፤ ብቻዬን ልግባ» አለ ሽቦ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ብቻህን?» ሐዘንተኛዋ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ለምን ብቻህን?»

ሽቦ የሚሉት የሟች ባሏ ጓደኛ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ከቅጥነቱ የተነሳ ዞር ሲል «የት ገባ?» ተብሎ ይፈለጋል። ሐዘኑ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ለቀስተኛው ከመብዛቱ የተነሳ ከሰፈሩ የወንበር ዘር ጠፍቷል። ሽቦ ግን ሦስቱንም ቀን ዓይኑን ከተቆለፈው የባሏ ክፍል በር አልነቀለም።

«ባልሽ የሠራትን አውሮፕላን ባትሪ ሞልቶ ነው የሄደው። እንደሞላች ስትቀመጥ ታብጣለች፤ ካበጠች እሳት ናት፤ ማንም አጠገቧ አይሁን።»

«ሰው ሞቶብኝ ስለ ባትሪ ታወራኛለህ?»

አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ታላቅ እህቷ ወዲያው ጆሮዋ ሥር ገባች።

«ደብዳቤ ነው የሚያሸሸው። ወይ ፎቶ። ጉትቻሽን ረሳሽው እንዴ?»

እንዴት ትረሳለች! ሟቹ መቀሱ ጥላን ከሰው ለይቶ የሚቆርጥ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ክር ግን በጥርሱ ነው የሚበጥሰው። «መቀስ አጣህ?» እያለች ዕድሜ ልኳን ተቆጥታዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ እዚያ ክፍል ተዘግቶ፣ በሪሞት የምትበር አውሮፕላን ሠራ። እውነተኛዋን አውሮፕላን እስከ ብሎኗ የቀዳች፣ ክንፏ አልጋ የሚያህል! ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ጨርቅ አልብሶ በሚስቱ ካውያ ተኮሳት። ባለፈው ወር ታዲያ ከጥንድ ጉትቻዋ አንዱ ጠፋ። ብትጠይቀው «ይገኛል» ብሎ ሳቀ።

«አስመስሎ ለሌላ ሴት ሊያሠራ ነው» አለች እህቷ። ሚስቱም ከዚያ ወዲህ ጠረኑን ስታሸት፣ ኪሱን ስትበረብር ከረመች።

በሞተበት ሐሙስ ጠዋት ባሏ «ቅዳሜ ትበራለች፤ ነይና እያት» አላት።

«ለዚያችው አሳያት!»

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ስፌት መኪናው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ።

በሐዘኑ አራተኛ ቀን በሩን ራሷ ከፈተችው። «እያየሁህ አውጣ» አለችው ሽቦን። እህቷ ከኋላ አንገቷን አሰገገች። ሽቦ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ክዳን አነሳ፤ ባትሪዋ እንቁራሪት አክላለች። ትንፋሹን ውጦ አወጣት፣ ግቢ ውስጥ አሸዋ የሞላ ባልዲ ውስጥ አኖራት።

ሐዘንተኛዋ እጇን ባዶው ቦታ ውስጥ ሰደደች። ደብዳቤ የለም። ፎቶ የለም። ከፊት በኩል ግን በፕላስተር የታሰረ ነገር አለ፤ ላጠችው። ምስማር፣ የዛገ ቁልፍ፣ ጉትቻዋ።

«ይሄ ምን ይሠራል እዚህ?»

«ሚዛን ነው» አለ ሽቦ ከበሩ። «ጅራቷ ከበደ፤ አፍንጫዋ ካልከበደላት ተነስታ ትከሰከሳለች። ያገኘነውን ብረት ሁሉ ጠቀጠቅን፣ ትንሽ ጎደለ። የእርሳስ ብረት ልስጥህ ብለው እምቢ አለ። ‹እሷ እንደሆነች ከፍታ ትፈራለች፤ ጉትቻዋ እንኳ ይብረርላት› አለኝ። ስታርፍ ከነወሬው ሊሰጥሽ ነበር።»

እህቷ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

ሐዘንተኛዋ ጉትቻውን መዳፏ ላይ አገላበጠችው።

«ሌላ ባትሪ አለህ?»

«አለኝ።»

ጉትቻውን ከምስማሩና ከቁልፉ ጋር ወደ ቦታው መለሰችው። ፕላስተር ከጥቅሉ ሳበች። መቀሱ ከፊቷ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አልነካችውም። በጥርሷ በጠሰችው።