የኤሊ ሦስተኛ ማርሽ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ምላሴን ይቁረጠው። ምስክሬም እህቴ ናት፤ ያውም በሕይወቷ አንድ ቀን ለእኔ መስክራ የማታውቅ እህቴ።

በቤታችን ስሜ ኤሊ ነው። ያወጣልኝ የእህቴ ባል ነው፤ በሠርጋቸው ዕለት እኔ ስደርስ ወንበር እየተሰበሰበ ነበርና። እሱ የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ የለጠፈው ታርጋ በቀላሉ አይነቀልም። ስሙ ከቤት ወደ ሰፈር ወጣ። አንድ ቀን መድኃኒት ቤት ለምትሠራው ልጅ ራሴን ላስተዋውቅ ጉሮሮዬን ስጠራርግ፣ አውቅሃለሁ፣ ኤሊ አይደለህ እንዴ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የሞት ሽረት ሆነ።

እነእህቴ ሳሎን ውስጥ መሪና ፔዳል ያለው የመኪና እሽቅድምድም ጌም አለ። በጌሙ የውጤት ሰሌዳ አናት ላይ የተቀመጠው የባልየው ሰዓት ነው፤ ዙሩን ከእሱ ፈጥኖ የጨረሰ የለም። ስሙን እንዲያነሳልኝ ብለምነው ሶፋው ላይ እንደተጋደመ፣

“ሰዓቴን ስበርና ኤሊነቱን እኔ እወስደዋለሁ። አንተ ዙሩን እስክትጨርስ ግን እኔ ጡረታ እወጣለሁ” አለኝ።

ጌሙ እያንዳንዱን ማርሽ ማስረዘምና ማሳጠር ይፈቅዳል። ረጅም ማርሽ ፍጥነት አለው፣ ጉልበት የለውም፤ አጭሩ ይስፈነጠራል፣ ግን ቶሎ ያልቅበታል። እኔ ይህን መቼ አውቄ! ስድስተኛውን ሳስረዝም የፍጥነቱ ቁጥር ሲያድግ አይቼ ሁሉንም አስረዘምኳቸው። ቁጥሩ አውሮፕላን፣ መኪናው ጋሪ ሆነ። ሁሉንም አሳጠርኩ፤ አሁን ደግሞ ቀጥ ያለው መንገድ ሳይጋመስ ማርሽ አልቆበት እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል።

አልተውኩም። ከሥራ ስወጣ ቀጥታ እነሱ ቤት ነው። እህቴ ልብስ እየተኮሰች፣ ለትምህርቱ እንዲህ ብትተጋ ኖሮ ዘጠነኛ ክፍል በር ላይ ባልቀረህ ነበር ትለኛለች።

ታዲያ አንድ ቀን አንድ ነገር አስተዋልኩ። የእህቴ ባል፣ ተፎካካሪዬ ሆኖ እንኳ፣ ሞተር ሲሰቃይ መስማት አይችልም። ሾፌር ነዋ። ወንዙ አጠገብ ያለው ረጅም ኩርባ ላይ ሁለተኛው ማርሽ ሲጮህ፣ እሱ ሶፋው ላይ ሆኖ ግራ እግሩ አየር ላይ ፍሪሲዮን ይረግጣል።

“ቀይር እንጂ አንተ፣ ገደልከው እኮ።”

ስቀይር ሦስተኛው ይታነቃል፤ እሱም አብሮት ይታነቃል።

ሳቄን ዋጥኩ። ከዚያ ጀምሮ በአንድ ዓይኔ መንገዱን፣ በሌላው የእሱን እግር ማየት ጀመርኩ። እግሩ በተንፈራገጠበት ቦታ ያለውን ማርሽ አስተካክላለሁ። ኩርባው ማርሽ ሳይቀየር እንዲያልቅ ሁለተኛውን ትንሽ አስረዘምኩ። ሲገባ እንዳይታነቅ ሦስተኛውን አስጠጋሁለት። ስድስተኛውን ደግሞ ቀጥታው መንገድ የሚያልቅበት ጋ እንዲያልቅ አደረግኩት፤ ከዚያ የሚተርፍ ፍጥነት ለማን ሊሆን? የሰውዬው መንፈራገጥ ከቀን ወደ ቀን እየቀነሰ ሄደ።

አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ ዙሩን ጀመርኩ። የመጀመሪያው ኩርባ ጸጥ። ወንዙ ጋ ሞተሩ እያንጎራጎረ አለፈ፤ እግሩ ንቅንቅ አላለም። ሰርቄ ሳየው እንቅልፍ ወስዶታል። ማንኮራፋቱም ከእኔ ጋር ማርሽ ይቀይር ነበር፤ ሦስተኛ ሳስገባ እሱም ሦስተኛ፣ አራተኛ ሳስገባ እሱም አራተኛ። ጥርሴን ነክሼ ጨረስኩት። ሰሌዳው አናት ላይ የእኔ ሰዓት ወጣ።

እህቴ ካውያዋን አስቀምጣ ባሏን ትከሻውን ነቅነቅ አደረገችው።

“ተነሳ፣ ኤሊ።”

ዓይኑን አሽቶ ሰሌዳውን አየ፣ ከዚያ እኔን።

“ማርሹን ማን ሠራልህ?”

“አንተው ነህ፣ ጋሼ።”

ሾፌር ቃሉን አያጥፍም። ዛሬ ሰፈራችን መጥታችሁ ኤሊ ብላችሁ ብትጣሩ፣ ሚኒባሱን አቁሞ የሚዞረው እሱ ነው። የመድኃኒት ቤቷ ልጅም ስሜን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት።

ከራሴ የጨመርኩት ማንኮራፋቱ ማርሽ ይቀይር ነበር ያልኩትን ብቻ ነው። እሱ ከተኛ ያለው አንድ ማርሽ ነው።