የቤዝቦል ቡድኑ መርዶ

ኒደርራድ በተባለው የጀርመን ሰፈር በሚገኘው የአረጋውያን መኖሪያ የምንከባከባቸው ሄር (አቶ) ሚለር አሜሪካዊ ናቸው። ዓይናቸው ስለደከመ፣ አያታቸው በ1891 የተጫወቱበትን የቤዝቦል ቡድን ውጤት ከአሮጌ መጽሐፍ ላይ በየቁርሱ አንድ አንድ ጨዋታ አነብላቸዋለሁ። ቡድኑ ካሸነፈ እንቁላላቸውን ጠርገው ይበላሉ፤ ከተሸነፈ ማንኪያ አይነኩም። በዚህ ወር በጣም ከስተዋል።

ትናንት መጨረሻውን ቀድሜ አየሁት። ቡድኑ በመጨረሻው ጨዋታ ተሸንፎ ፈርሷል። ጨንቆኝ የሥራ ባልደረባዬን እታለምን አማከርኳት።

«መርዶ ለብቻ አይነገርም፤ ሽማግሌ ያስፈልጋል» አለችኝ።

ዛሬ ማለዳ እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከጎናቸው ክፍል የሚኖሩት ኤርትራዊው ጋሽ ሓረጎት ከዘራቸውን ይዘው፣ እኔ ከኋላቸው ተደብቄ ገባንና አልጋውን ከበን ተቀመጥን።

«ማን ሞተ?» አሉ ሄር ሚለር ደንግጠው።

«አይዞህ ወንድሜ» አሉ ጋሽ ሓረጎት። «ቡድንህ ነው።»

ሄር ሚለር እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ! የመጨረሻዋን ኳስ ከእጁ ጥሎ ያስሸነፋቸው አያቴ ነው። ግን እስከ ዛሬ ለቅሶ የደረሰን ሰው አልነበረም።»

እንቁላሉን ጠርገው በሉና፣ «ነገ ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምርልኝ» አሉኝ።

ጋሽ ሓረጎት ግን ከወንበራቸው አልተነሡም። «አሁኑኑ ጀምር እንጂ» አሉ። «ማን ያውቃል፣ በዚህኛው ያሸንፉ ይሆናል።»