የያኤል አውራ ጣትና የውሸት ጡጦ

ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ አንዲት ቃል ከራሴ ጨምሬ ከሆነ፣ ነገ ጠዋት የምነፋው ጎማ ሁሉ እጄ ላይ ይተንፍስ። ሚካኤልን! ሃያ ሰባት ዓመት መካኒሳ ላይ በጎሚስታነት ስሠራ ዋሽቼ አላውቅም። የሚጠራጠር ካለ ይምጣና ሰፈሩን ይጠይቅ። ራጉኤል ጎሚስታው ሲባል የማያውቅ የለም፤ ከብስራተ ገብርኤል እስከ ሀና ማርያም የሚሽከረከር ጎማ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእጄ አልፏል።

ነገሩ የልጅ ልጄ የያኤል ነገር ነው። ያኔ አራት ወሯ ነበር፤ ክብደቷ አስራ አራት ኪሎ። ድምፅዋን ግን በኪሎ አይለኩትም። ስታለቅስ የመካኒሳ ታክሲዎች አምቡላንስ የመጣ መስሏቸው ዳር ይይዛሉ። አንዱ ሾፌርማ መኪናውን አቁሞ ወርዶ፣ «ጋሼ፣ በሽተኛው የታለ?» ብሎኛል። በዚህ ጆሮዬ የሰማሁት ነው።

እናቷ ሣራ አንድ ልጄ ናት። ሀና ማርያም አካባቢ ያለ ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆና ትሠራለች። ዶክተሮቹ እሷ ሳትናገር መድኃኒት አያዙም። ባሏ አዶኒያስ የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ፣ አስር ቀን መንገድ ላይ፣ ሦስት ቀን ቤት ነው። እንግዲህ የሣራ የወሊድ ፈቃድ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ልጇን አቅፋ እኛ ቤት መጣች።

ገና ሳትቀመጥ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«የመልቀቂያ ደብዳቤ ነው» አለች። «ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ሰኞ ያኤልን እናንተ ጋ ትቼ ሥራ እገባለሁ። ያለ እኔ እንቅልፍ ከወሰዳት ደህና። ስታለቅስ ከዋለች ግን ማክሰኞ አስገባዋለሁ።»

«ያን ሁሉ ዓመት ተምረሽ?» አለች ባለቤቴ አሰገደች።

«ምን ላድርግ እማዬ? ወተቱን በጡጦ ትጠጣልኛለች። እንቅልፏ ሲመጣ ግን ጡቴን ካልጎረሰች አትተኛም። ጡቴን ቆርጬ ልተውላችሁ?»

ከዚያ ሌላ ነገር አወጣች። ወተት የሌለው፣ ጫፉ ብቻ ያለው፣ ከኋላው ቀለበት የተንጠለጠለበት ጡጦ። ፋርማሲዎቹ ፓሲፋየር ይሉታል። አሰገደች ግን አገላብጣ አየችውና «የውሸት ጡጦ» ብላ እዚያው ስም አወጣችለት።

«አራት ዓይነት ገዛሁ፤ ሁሉንም ትተፋዋለች» አለች ሣራ። «እስቲ እናንተ አለማምዷት።»

«ለምን ጣቷን አትጠባም?» አለች አሰገደች። «እግዜር የሰጣት ነው። አይገዛ፣ አይጠፋ፣ ወድቆ አይቆሽሽ።»

የሣራ ፊት ተለወጠ። «ጣትማ አይሆንም!»

የያኤልን እጆች ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሁለቱም ላይ ነጭ ካልሲ ተጠልቋል። የእግር ካልሲ እጅ ላይ! ልጅቱ ሁለት ነጭ ቡጢ ይዛ፣ ለቦክስ ግጥሚያ የተዘጋጀች ትመስላለች።

«የውሸት ጡጦ ሲበቃ ይጣላል» አለች ሣራ። «ጣት የት ይጣላል? እኔን አላያችሁም?»

ሣራ እስከ ስምንት ዓመቷ አውራ ጣቷን ትጠባ ነበር። የላይኞቹ ጥርሶቿ ትንሽ ወጣ ብለው ቀሩ። እኔን ከጠየቃችሁ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ያማረ ጥርስ የለም። እሷ ግን ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ሠርጓ ዕለት ፎቶ አንሺው «ሙሽሪት፣ እጅ ዝቅ! እጅ ዝቅ!» ሲል ነው የዋለው።

ሌላም ነገር አለ። ሬት። ጣቷን እንድትተው ሬት የቀባኋት እኔ ነኝ። ሰዉ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ እኔ የፈጠርኩት አይደለም። አንድ ሳምንት ሙሉ ቀባኋት። አጎንብሳ ጣቷን በቀሚሷ እየጠረገች «አባዬ፣ መረረኝ» ትለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ካሁን አሁን ይቀባኛል ብላ እጇን ከኔ መደበቅ ጀመረች። ይህን የጻፍኩት ታሪኩ ስለሚፈልገው ብቻ ነው። ወደ ጉዳያችን።

«ሰኞን ለኔ ተዉት» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «የኤክስካቫተር ጎማ ብቻዬን ገልብጬ የምፈታ ሰው ለዚህች ላስቲክ ልረታ?»

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ጎማ አይደለም። ሲሊኮን ነው።»

«ሲሊኮን የጎማ የአክስት ልጅ ነው። እኔ ከዘመዶቹ ጋር ስንት ዓመት ኖሬያለሁ!»

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ያኤልን አመጣቻት። ወተቱን፣ ዳይፐሩን፣ የውሸት ጡጦውን ጠረጴዛ ላይ ደረደረች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ካልሲዋን እንዳታወልቅላት። እሺ አባዬ?»

«ሚካኤልን አላወልቅም!»

ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ ድረስ አርባ ጊዜ ዞራ አየችን። አርባ፤ ቆጥሬያለሁ። አሰገደችም ጤፏን ይዛ ወፍጮ ቤት ሄደች። እኔና ያኤል ብቻችንን ቀረን።

ሦስት ሰዓት ላይ እንቅልፏ መጣ፤ ለቅሶውም አብሮ መጣ። ልጅቱ ሦስት ሰዓት ሙሉ አለቀሰች። እልፍኙ ተንቀጠቀጠ። ደጃፌ ካለው ሱቄ ፊት ክሪክ ላይ የሰቀልኩት ላዳ በራሱ ጊዜ ወረደ። ጎማ ሊያስጠግኑ የመጡ ሦስት ሾፌሮች በተነፈሰ ጎማ እየነዱ ሸሹ። እኔ ግን ወንድ ነኝ። ሱቄን ዘጋሁ። ለቀብር ካልሆነ ዘግቼ የማላውቀውን ሱቅ! እጄን በሳሙናና በሎሚ አስራ አንድ ጊዜ ታጠብኩ፤ የእጄ መልክ ጠይም መሆኑን ከስንት ዓመት በኋላ ያን ቀን አስታወስኩ።

ከዚያ ወደ ሥራ ገባሁ። አንድ ጎማ አየር አልይዝ ሲል መጀመሪያ የሚታየው ያስተነፍስ እንደሆን ነው። የውሸት ጡጦውን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ደፍቄ ጫን አደረግኩት። አረፋ የለም። ቀዳዳ የለውም ማለት ነው። እንግዲያስ ጥፋቱ ከጡጦው አይደለም፤ ከአስተዋዋቂው ነው። ማንም ለእንግዳ ነገር ሳያስረዱት አፉን አይከፍትም።

ያኤልን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ስሚኝ፣ የኔ እናት» አልኳት። «እናትሽ ቦርሳ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ። ዛሬ ተኝተሽ ከዋልሽ ተቀዶ ይጣላል። ካልተኛሽ እናትሽ ያቺን የምትወዳትን ማይክሮስኮፕ ትታ ቤት ትቀመጣለች። ነገ ተነገ ወዲያ ‹ባንቺ ምክንያት› አትልሽም፤ እንዲህ የምትል ልጅ አይደለችም። አንቺ ግን ሳትልሽም ትሰሚዋለሽ። ስለዚህ አያትሽን አታሳፍሪ።»

ልጅቱ ዝም አለች። አሰበች። ግንባሯ ሲቋጠር በዓይኔ አየሁ። ከዚያ አፏን ራሷ ከፈተች፤ የውሸት ጡጦውን ጎረስ አድርጋ ያዘች፤ ሁለት ጊዜ ሳበችና አምስት ሰዓት ሙሉ ተኛች። ሚካኤልን! እኔ ደግሞ ዓይኔን ሳልከድን ዘብ ቆሜ ጠበቅኳት፤ አንዲት ዝንብ አላሳለፍኩም። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ እናቶች በር ላይ ተሰልፈው ምክር ይጠይቁኛል።

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሣራ እየሮጠች ገባች። ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ያኤል አልጋ ላይ በጀርባዋ ተጋድማ ኮርኒሱን እያየች ትስቃለች። ካልሲዎቿ እጇ ላይ ናቸው። የውሸት ጡጦው ደረቷ ላይ በቀጭን ገመድ ተንጠልጥሏል።

«ተኛች?» አለች ሣራ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

ለእናንተ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኳት። ላዳውን፣ ሾፌሮቹን፣ ውሃውን፣ አምስቱን ሰዓት። ስጨርስ ሣራ ልጇን አቅፋ ታየኛለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«በእውነት ያዘችው አባዬ?»

«የአያቷ ልጅ አይደለች!»

ሣራ ወደ እናቷ ዞረች። አሰገደች ጥግ ላይ ትሪ ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር ትለቅማለች። ነገሩ ሁሉ የሚያገባት አይመስልም።

«እውነት ነው እማዬ?»

አሰገደች አንዲት ጠጠር አውጥታ ዳር አስቀመጠች። ከዚህ በኋላ ያለውን ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ምያለሁ።

«የውሸት ጡጦውስ ተይዟል ልጄ» አለች ቀስ ብላ። «የያዘው ግን አባትሽ ነው።»

«ምን?»

«ከወፍጮ ቤት ስመለስ በመስኮት አየኋቸው። ጡጦው እሱ አፍ ውስጥ ነበር። እንዲህ ነው የሚጠባው እያለ ሊያሳያት። ቀለበቱ ጢሙ ላይ ተንጠልጥሎ። እሷ መች አየችው፤ ታለቅሳለች።»

«አሰገደች!» አልኩ።

አልሰማችኝም። ድምፅዋን አንድ ጊዜም አላነሳችም። «ከዚያ ጡጦውን ተፍቶ የቀኝ እጇን ካልሲ አወለቀላት። አውራ ጣቷን ሳማት። ‹ይቺ አትመርም፤ ማንም ምንም አይቀባብሽም። ይቅር በይኝ ልጄ› አላት። ጣቷን ጎርሳ ተኛች። እሱም አጠገቧ ተኛ፤ ሲያንኮራፋ እኔ ነኝ ነጠላ ያለበስኩት።» ሌላ ጠጠር አወጣች። «ደግሞ ይቅር በይኝ ሲላት፣ ያኤል ብሎ አልጠራትም። ሣራዬ ነው ያላት።»

ጎንበስ ብዬ መሬት ላይ የወደቀ ምስር መፈለግ ጀመርኩ።

ሣራ የያኤልን ቀኝ እጅ አነሳች። «ስገባ አይቼዋለሁ» አለች። «ካልሲው ተገልብጦ ነው የተጠለቀው። ተረከዙ መዳፏ ላይ ዞሯል።» ቀስ ብላ አወለቀችው። ትንሿ አውራ ጣት ልብስ ስታጥብ እንደዋለች ሴት ጣት ነጥታ ተጨማዳለች። ያኤል ጊዜ አላጠፋችም፤ እዚያው ጎረሰቻት።

ሣራ ሳቀች። ሁለት እጇ ልጇን ስለያዘ ይሁን በሌላ አላውቅም፣ አፏን አልሸፈነችም።

«ጥርስ ስታበቅል እኛው እናስተዋታለን» አለች እኔን እያየች። «ያለ ሬት።»

«ያለ ሬት» አልኩ። ድምፄ ለምን እንደቀጠነ እንጃ።

ደብዳቤውን ከቦርሳዋ አውጥታ ለእናቷ ሰጠቻት። አሰገደች ትሪው ዳር ዘረጋችውና የምስሩን ጠጠር ላዩ ላይ ታጠራቅምበት ጀመር።

«ነገም አንድ ሰዓት ላይ አመጣታለሁ» አለች ሣራ። «ካልሲው ግን እግሯ ላይ ይሆናል።»

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ሰው ሙሉ በሙሉ ሐሰተኛ ተብሎ ማደር የለበትም። «መቼም» አልኩ «ሦስት ሰዓት ሙሉ ማልቀሷ ሐቅ ነው!»

አሰገደች ከምስሩ ቀና ሳትል፣ «ሃያ ደቂቃ ነው» አለች። «የቀረውን ያለቀስከው አንተ ነህ።»