የአቶ ሀብተወልድ ዘጠኝ ደቂቃ

የአቶ ሀብተወልድ ኮምፒውተር ለመከፈት ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጅበት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ገና በሦስተኛው ደቂቃ በጥፊ ይለው ነበር፤ እሳቸው ግን ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው በእርጋታ ይጠብቁታል። እንዲያውም እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ባይከፈትም ደስታቸው ነበር።

ኮምፒውተሩ ልጃቸው ይትባረክ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ይሠራበት የነበረ ነው። አዲስ አበባ ሥራ ሲይዝ ላፕቶፕ ገዛና ይሄኛውን ቡታጅራ ላሉት አባቱ ትቶላቸው ሄደ። እሑድ እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ይደውላል፤ የእድሩን አባላት ስም ዝርዝር በኮምፒውተር እንዲጽፉ ያስተምራቸዋል። ትምህርቱ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ በፊት ግን ማሽኑ መከፈት አለበት።

«ተከፈተ አባዬ?»

«ገና ነው። እያጉረመረመ ነው።»

እስኪከፈት ታዲያ ምን ይደረጋል? ይወራል። ምን በላህ፣ ጉልበትህ እንዴት ሆነ፣ የእማዬ ሐውልት ላይ የተሰነጠቀው ተጠገነ ወይ። ባለቤታቸው ወይዘሮ መንበረ ካረፉ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። ይትባረክ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን ዝም ብሎ ደውሎ የሚያወራ ዓይነት ሰው አይደለም፣ ምክንያት ይፈልጋል። ምክንያቱ ያ የሚንገጫገጭ ሃርድ ዲስክ ነበር።

አቶ ሀብተወልድ የመርሐቤቴ ሰው ናቸው። በ1978 ዓ.ም. በሥራ ተመድበው ቡታጅራ መጡ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የግዥ ሠራተኛ ነበሩ። አብረዋቸው የመጡት ከፊሉ ተዛወረ፣ ከፊሉ አፈር ለበሰ። እሳቸው ቀሩ። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ከሦስት ነጋዴ የዋጋ ፕሮፎርማ ሳይሰበስቡ እስክሪብቶ እንኳ ገዝተው አያውቁም፤ ግዥው ሲያበቃ ደግሞ በፋይሉ ጀርባ በቀይ ቀለም «ግዥው ተፈጽሟል። ፋይሉ ይዘጋ።» ብለው ይፈርማሉ። አለቆች አልፈዋል፣ መዋቅር አሥር ጊዜ ተቀያይሯል፣ እነዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ግን አልተነኩም።

በ2007 ክረምት አንድ እሑድ፣ ማሽኑ አሥራ አንድ ደቂቃ ሲፈጅ ይትባረክ ታከተው።

«አባዬ፣ ዲስኩ ሊሞት ነው። ኤስኤስዲ አስገባበት። የማይሽከረከር ዲስክ ነው፤ ማሽንህ ወጣት ይሆናል።»

«የቱ ነው አስተማማኙ?»

«ስም ያለው፣ ዋስትና ያለው ግዛ።»

ለሌላ ሰው ይህ በቂ መልስ ነው። ለአቶ ሀብተወልድ ግን የጨረታ መክፈቻ ሆነ። በማግሥቱ ኮታቸውን ለብሰው፣ ክላሰራቸውን በብብታቸው ይዘው መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው ወደ ራምዚ ኮምፒውተር ቤት ሄዱ።

ራምዚ የመስቃን ልጅ ነው፤ ዕቃውን ራሱ ከመርካቶ እየመረጠ ያመጣል። ጠረጴዛው ላይ በመስታወት ሥር አንድ የተከፈተ ዲስክ አስቀምጧል። ላዩን ሲያዩት የታወቀ ዕቃ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ሚዛን እንዲደፋ የተለጠፈ ብረትና ጥፍር የምታህል የስልክ ሚሞሪ ብቻ ነው።

«መጀመሪያ ያመጣሁት ነው፤ ሸወዱኝ» አላቸው። «ከኔ ለገዛው ሰውዬ ብሩን መለስኩ፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ በሱቄ በር ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ከዚያ ወዲህ ሳልፈትሽ አልሸጥም፣ ወላሂ።»

«መልካም። ፕሮፎርማ ስጠኝ።»

«ለአንድ ዲስክ? ጋሽ ሀብተወልድ፣ በከተማው ያለነው ሦስት ነን፤ ሁለቱም ከኔ ነው የሚወስዱት።»

«እሱ የኔ ጉዳይ አይደለም። ሦስት መሆን አለበት። ማኅተም አድርግበት፤ ስልክህንም ጻፍ።»

ራምዚ እየሳቀ ጻፈላቸው። አቶ ሀብተወልድም ከሌሎቹ ሁለት ሱቆች ተቀብለው፣ ሦስቱን ፕሮፎርማ ክላሰራቸው ውስጥ ከተው፣ እሑድን ሳይጠብቁ ማክሰኞ ለልጃቸው ደወሉ። ከአርማው እስከ ስልክ ቁጥሩ ድረስ አንድ በአንድ አነበቡለት፤ ይትባረክም እየሳቀ መዘገበ።

የሚጠየቅ ነገር አይጠፋም። ሐሙስ ደወሉ፦ መቶ ሃያ ጊጋው ይበቃል ወይስ ሁለት መቶ አርባው? ቅዳሜ ደወሉ፦ የሦስት ዓመት ዋስትና ያለውና የአምስት ዓመቱ ልዩነታቸው ምንድን ነው? መብራት ድንገት ሲጠፋስ፣ እዚህ አገር ደግሞ መጥፋቱ አይቀርም፣ የተጻፈው ምን ይሆናል? እየተጻፈበት ሲኖር ያልቃል የሚባለው እውነት ነው? ይትባረክ ያስረዳል። ስለሚያውቀው ነገር ሲጠየቅ አፉ ይፈታል፤ ከዲስኩ ተነሥቶ ስለ አለቃው፣ ከአለቃው ስለ ቤት ኪራይ፣ ከኪራዩ እንቅልፍ ስላሳጣው ሳል ያወራል። አባትና ልጅ በአምስት ዓመት ያልተነጋገሩትን በዚያች ክረምት ተነጋገሩ። አቶ ሀብተወልድ ምሳቸውን በሙሉ ይበሉ ጀመር። መምረጥ ይሄን ያህል እንደሚያስደስት ሃያ ስምንት ዓመት ሲገዙ አላወቁም ነበር።

ጳጉሜን ላይ ይትባረክ ቆረጠው።

«አባዬ፣ በቃ የራምዚን ግዛ። እሱ ነው አስተማማኙ።»

«ታዲያ ለመስቀል መጥተህ አንተው አትገጥመውም?»

«ሥራ አለብኝ አባዬ። ራምዚ ይግጠመው፤ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።»

ሩብ ሰዓትም አልፈጀ። ራምዚ መስከረም መጀመሪያ ላይ ቤታቸው ድረስ መጥቶ ገጠመው፤ ስልኩ ላይ ሰዓት ይዞ ማሽኑን አበራ።

«አሥራ ሁለት ሰከንድ! ጋሽዬ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ሲገልጡ ነው!»

«በጣም ጥሩ ነው» አሉ አቶ ሀብተወልድ። ፊታቸው ግን መርዶ የሰማ ሰው ፊት ነበር።

የመጀመሪያው እሑድ ይትባረክ ደወለ።

«ተከፈተ?»

«ተከፈተ።»

«አየህ! ምን አልኩህ! በል ዝርዝሩን አምጣው... እሱን ተጫን... ጎበዝ። በል ደህና ዋል አባዬ።»

ስልኩ የተነጋገሩበትን ጊዜ ጽፎ አሳያቸው፤ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ። አስተማማኝ ዕቃ ገዝተዋል። ስለ አስተማማኝ ዕቃ ደግሞ ማንም ምንም አይጠይቅም።

ያን ዓመት አረፋና መስቀል በአንድ ሳምንት ገጠሙ። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በመጡ መኪኖች ተጨናነቀች፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጁን ከነልጅ ልጁ ተቀበለ። በአቶ ሀብተወልድ ግራና ቀኝ ያሉት በሮች ከጠዋት እስከ ማታ ሲከፈቱ ሲዘጉ ዋሉ። በአረፋ ዕለት ራምዚ ብርቱካን በከረጢት ይዞ መጣ፤ የሙስሊም ሥጋ እንደማይበሉለት ስለሚያውቅ ነው። ሌላ የሳቸውን በር ያንኳኳ አልነበረም። በዚህ አገር ለበዓል ልጁ ያልመጣ ሰው፣ ጎረቤት ምን ሆነ ብሎ እንዳይጠይቀው በጊዜ በሩን ይዘጋል።

እሑድ ደመራ ነበር። አቶ ሀብተወልድ ከቅዳሴ ተመልሰው፣ ማሽኑን አብርተው ጠበቁ። በአራት ሰዓት ስልኩ ጮኸ።

«ተከፈተ አባዬ?»

ከተከፈተ ቆይቷል። ስክሪኑ ላይ ያለው የአረንጓዴ መስክ ሥዕል ፊታቸው ላይ ያበራል።

«ገና ነው» አሉ።

«እንዴ! ዛሬ ምን ነካው? እስቲ ትንሽ እንጠብቀው።»

ጠበቁት። ይትባረክ ለመስቀል ምን እንደተዘጋጀ ጠየቀ፤ ለአንድ ሰው ምን ይዘጋጃል አሉት። ሳሉ እንደተሻለው ነገራቸው። እናቱ በደመራ ቀን ጎመን ስትቀቅል የምታዜመውን አስታወሰና ሁለቱም ሳቁ። አቶ ሀብተወልድ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙ ነበር፤ ደረታቸው ሞቋቸዋል።

«አሁንስ?»

«ገና ነው።»

«ሰባት ደቂቃ እኮ ሆነው! አባዬ፣ ተሸውደሃል። ውሸት ዕቃ ነው የሸጠልህ። ቆይ፣ ቁጥሩ አለኝ፤ አሳየዋለሁ!»

ስልኩ ተዘጋ። መልሰው ደወሉ፤ ተይዟል። ደግመው ደወሉ፤ ተይዟል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የሳቸው ውሸት ግን ለማደር ጊዜም አላገኘ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ባጃጅ በራቸው ላይ ቆመ።

ራምዚ የበዓል ጀለቢያውን እንደለበሰ ነው የመጣው። በአንድ እጁ መፍቻ፣ በሌላው ያልተከፈተ አዲስ ዲስክ ይዟል።

«ጋሽዬ፣ አጎቶቼ ሁሉ ከአዲስ አበባ መጥተው ማዕድ ቀርቦ፣ በነሱ ፊት ሌባ ተባልኩ። ችግር የለም፤ ዕቃው ከተበላሸ እቀይራለሁ።»

ማሽኑን አጥፍቶ አበራው። አረንጓዴው መስክ ከተፍ አለ። እንደገና አጥፍቶ አበራው። አሥራ ሁለት ሰከንድ። ዞር ብሎ አያቸው።

«ዕቃህ ምንም አልሆነም» አሉ አቶ ሀብተወልድ ቆመው። «ዋሽቼ ነው። ድሮ እስኪከፈት ድረስ ልጄ ያዋራኝ ነበር።»

ራምዚ አልሳቀም። መፍቻውን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

«ገመዱ ላልቶ ነበር እለዋለሁ። የኔ ጥፋት ነው እለዋለሁ፤ ምን ችግር አለው?»

አቶ ሀብተወልድ መስታወት ሥር የተቀመጠችው ዲስክ ትዝ አለቻቸው። ይሄ ሰው ለስሙ ሲል ማዕዱን ጥሎ መጥቶ፣ አሁን ለሳቸው ሲል ስሙን ሊሰጥ ነው። አፈሩ።

«አይሆንም» አሉ፤ በራሳቸው ስልክ ደወሉ።

«ይትባረክ፣ ዕቃው ደህና ነው። ሰውዬውን ያለ ጥፋቱ ሰድበኸዋል። ውሸታሙ እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ተከፍቶ ነበር። እንዳትዘጋብኝ ብዬ ነው።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሏቸው ስልኩን ከጆሯቸው አንስተው አዩት፤ ሰከንዱ ይቆጥራል።

«ለምን አልነገርከኝም አባዬ?»

«ሁለት ወር ሙሉ ስነግርህ ነበር እኮ» አሉ።

ከወዲያ ሰው ይትባረክን በስሙ ሲጣራ ተሰማ። «መጣሁ» አለ ለዚያ ሰው። «ራምዚን ይቅርታ በልልኝ። እደውላለሁ አባዬ።»

«መቼ?»

«እደውላለሁ።»

ራምዚ በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ እናቱ ናቸው፣ ምግቡ ቀዘቀዘ እያሉ።

«ጋሽዬ፣ ከፈለጉ አሮጌውን ዲስክ ልመልስልዎ?»

«ተወው። እሱ ምን አጠፋ? ሂድ፣ እናትህን አታስጠብቅ።»

ባጃጇ ሄደች። ከወደ ከተማ የደመራ ሆታ ይሰማል። አቶ ሀብተወልድ ክላሰራቸውን አወጡ፤ ሦስቱን ፕሮፎርማ አስተካክለው በጀርባው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ግዥው ተፈጽሟል።» ብለው ጻፉ። «ፋይሉ ይዘጋ» የምትለውን ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ሊጽፉ እጃቸውን ዘረጉና ተዉት። ክላሰሩን እንደተከፈተ ከስልኩ አጠገብ አስቀመጡት።